"ኮሚዩኒቲ" እና "ሶሳይቲ"፦ ህብረተሰቡን በእንግሊዝኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ "የምኖረው ጅማ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በኦሞ ናዳ ወረዳ ስለ አጎበር አጠቃቀም ፕሮፖዛል ጽፌያለሁ። አማካሪዬ 'ዘ ሶሳይቲ' ያልኩበትን ሁሉ በቀይ እየሰረዙ 'ኮሚዩኒቲ' አድርገውታል። አንድ ቦታ ላይ ግን 'ኢትዮጵያን ኮሚዩኒቲ' ያልኩትን 'ኢትዮጵያን ሶሳይቲ' ብለውታል። ግራ ገባኝ። ጓደኛዬ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ እንዲያውም ሶሳይቲ የበለጠ የምሁር ቃል ነው ይለኛል። እኔ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ትንሽ፣ ሶሳይቲ ትልቅ ነው ብዬ ነው የማውቀው። ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው?"

ምላሽ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ሁለቱም እርማቶች ልክ ናቸው። የጓደኛዎ ሃሳብ ግን አያስኬድም። "ሶሳይቲ" ከ"ኮሚዩኒቲ" የበለጠ የምሁር ቃል አይደለም። ሁለቱም በጥናት ጽሁፍ ውስጥ አሉ፤ ሁለቱም በተራ ወሬ ውስጥ አሉ። አንዱን በሌላው ሲተኩ የሚበላሸው የጽሁፉ ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላስጨነቀ። የሚለወጠው ግን ጥናቱ ስለ ማን እንደሆነ ነው።

"ትንሽና ትልቅ" ከሚለው እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚያዘው በዚህ ነው። በዜና "ዓለም አቀፉ ማህበረሰብ" ሲባል የሚሰሙት በእንግሊዝኛው "ኮሚዩኒቲ" ነው። መንግስታትን በሙሉ ጠቅልሎ የሚጠራ ስም ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? በአንጻሩ እንግሊዝ አገር፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥቂት ተማሪዎች ለቼዝ ወይም ለክርክር ተሰባስበው የሚያቋቁሙት ክበብ "ሶሳይቲ" ይባላል። የሰው ልጅን አኗኗር የሚያጠኑ ምሁራንም በአደንና በፍራፍሬ ለቀማ ስለሚኖሩ፣ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ህዝቦች ሲጽፉ "ሶሳይቲ" ይላሉ። ስለዚህ በሰው ብዛት መለካቱን ይተዉት። ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ ወሳኝ ቦታ ላይ ግን ያሳስትዎታል።

ዋናው ልዩነት ሌላ ነው። ኮሚዩኒቲ አንድ የጋራ ነገር ያላቸውና እሱን መጋራታቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የሚጋሩት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ሃይማኖት፣ ሙያ፣ ቋንቋ፣ ስደት ወይም አንድ ዓይነት የጤና ችግርም ሊሆን ይችላል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በምልክት ቋንቋቸው የተሳሰሩ ኮሚዩኒቲ ናቸው፤ አንድ መንደር ውስጥ አይኖሩም። ሶሳይቲ ደግሞ ሰዎች አብረው የሚኖሩበት ስርዓት ነው። ህጉ፣ ገበያው፣ ጋብቻው፣ የመሬት ይዞታው፣ ሹመቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ማን ከማን በላይ እንደሆነ የሚወስነው ልማድ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። በሶሳይቲ ውስጥ ሰዎቹ የግድ መተዋወቅ አያስፈልጋቸውም። መዋደድም አያስፈልጋቸውም። በአንድ ስርዓት ውስጥ መኖራቸው ይበቃል።

እኔ የሰው ጽሁፍ ሳርም ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አረፍተ ነገሩ የሚናገረው "እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?" ለሚለው ነው? እንግዲያው ኮሚዩኒቲ ነው። "ሰዎች እንዴት ነው አብረው የሚኖሩት?" ለሚለው ነው? እንግዲያው ሶሳይቲ ነው።

በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ ኦሮሞዎች ይኖራሉ። ስለ እነሱ የሚጽፍ ሰው "ዘ ኦሮሞ ኮሚዩኒቲ ኢን ሚኒሶታ" ይላል። እነማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ምን እንደሚያስተሳስራቸው እየነገረን ነው። የታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ስለ ጊቤ አካባቢ ሲጽፍ "ኦሮሞ ሶሳይቲ" ይላል። ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከገዳ ወጥተው በንጉሥ መተዳደር ጀምረዋል። ስልጣን እንዴት ከአባ ገዳ ወደ ንጉሥ እንደተሻገረ፣ መሬቱ በማን እጅ እንደገባ፣ የሂርማታ ገበያ ለቤተ መንግስቱ ምን ያህል ጉልበት እንደሆነው የሚተርክ ሰው የሚያወራው ስለ አኗኗር ስርዓት ነው። ስለዚህ ሶሳይቲ። ቃላቱን ቢያቀያይሯቸው ሁለቱም ጽሁፎች ይንገዳገዳሉ።

ይሄ ምሳሌ አማካሪዎ ያስተካከሉትን "ኢትዮጵያን ኮሚዩኒቲ" የሚለውንም ይፈታልዎታል። እርስዎ ለማለት የፈለጉት "በኢትዮጵያ አኗኗር ውስጥ" ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንባቢ ግን "ዘ ኢትዮጵያን ኮሚዩኒቲ" ሲያይ ወዲያው የሚመጣበት በውጭ አገር ተሰባስበው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የዋሽንግተን፣ የለንደን፣ የቶሮንቶ። ዲያስፖራው ራሱ "ኮሚዩኒቲ" የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ወስዶ ለማህበሩና ለአዳራሹ ሁሉ ስም አድርጎታል። "ኮሚዩኒቲ ስብሰባ አለ" ይባላል። በአገሩ ስላለው ኢትዮጵያዊ አኗኗር ሲጽፉ "ኢትዮጵያን ሶሳይቲ" ይበሉ።

በነገራችን ላይ ሁለቱን ቃላት አጣምሮ የማያቸው ሌላ ጥሩ ቦታ የአሜሪካ ታሪክ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 "ግሬት ሶሳይቲ" የሚል ትልቅ እቅድ አወጁ። ድህነትን መቀነስ፣ የዘር መድልዎን ማስቆም፣ ለአረጋውያን ህክምና ማቅረብ፤ የአገሪቱን አኗኗር የመለወጥ እቅድ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የድህነት ቅነሳ ህግ ደግሞ በየሰፈሩና በየከተማው የሚሰራውን ክፍል "ኮሚዩኒቲ አክሽን" ብሎ ጠራው። ነዋሪው ራሱ ተሳትፎ ችግሩን እንዲፈታ የታሰበበት ክፍል ነው። የሚለወጠው ስርዓት ሶሳይቲ ተባለ፤ ስራው ላይ የሚሰለፉት ሰዎች ኮሚዩኒቲ ተባሉ።

ልዩነቱን በንድፈ ሃሳብ ደረጃ በሰፊው ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ቶኒስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው ስራ። እሱ በጀርመንኛ "ጌማይንሻፍት" እና "ጌዜልሻፍት" አላቸው። የመጀመሪያው በዝምድና፣ በጉርብትናና በእምነት የሚተሳሰሩ ሰዎች ህይወት ነው። ሁለተኛው በውልና በጥቅም የሚገናኙ ሰዎች ህይወት። ጅማ መርካቶ ላይ እቁብ የሚጥሉ ነጋዴዎችን ያስቡ። ዋስትናው በአብዛኛው ትውውቅና ስም ነው። ያው ነጋዴ ባንክ ሄዶ ሲበደር ማስያዣና ፊርማ ይጠየቃል። አንዱ ግንኙነት ወደ መጀመሪያው፣ ሌላው ወደ ሁለተኛው ይጠጋል። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሰውየው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም ቦታ ነበር። ስለዚህ የቶኒስን ክፍፍል "ገጠር ኮሚዩኒቲ፣ ከተማ ሶሳይቲ" ብለው እንዳይተረጉሙት። አንዳንድ የጥናት ጽሁፍ ላይ እንዲህ ተብሎ አይቻለሁ፤ ትክክል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። "ዘ ሶሳይቲ" ከየት መጣ? የእኛ አገር እንግሊዝኛ ላይ በጣም የበዛ ስህተት ነው። "ዘ ሶሳይቲ ኒድስ አዌርነስ"፣ "ዊ ኮሌክትድ ዴታ ፍሮም ዘ ሶሳይቲ"፣ "አይ ዋንት ቱ ሰርቭ ዘ ሶሳይቲ"። ከጥናት እስከ ስራ ማመልከቻ ድረስ አለ። ምንጩ አማርኛችን ነው። እኛ "ህብረተሰቡ" እንላለን። "ህብረተሰቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ፖሊስ ጠየቀ"፣ "የአካባቢው ህብረተሰብ መንገድ ይሰራልን አለ"። እዚህ ላይ "ህብረተሰብ" ማለት ነዋሪው፣ የሰፈሩ ሰው ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ ግን "ህብረተሰብ" ከሚለው አጠገብ የምናገኘው "ሶሳይቲ" ነው። የቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችውን የ"ኡ" ድምጽ ወደ "ዘ" ቀይረን እናስቀምጣለን። ሰዋስዋችን ልክ ይመስለናል።

ቃሉ በአማርኛ ብዙ ስራ ተሸክሟል። ደርግ በታህሳስ 1967 ዓ.ም. የአገሪቱን መንገድ "ህብረተሰባዊነት" ብሎ ሲያውጅ ሶሻሊዝም ማለቱ ነበር። "የህብረተሰብ ሳይንስ" ስንል በእንግሊዝኛው "ሶሻል" ነው። "የኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት" ስንል ደግሞ በእንግሊዝኛው "ፐብሊክ" ነው፤ ሶሳይቲም ኮሚዩኒቲም የለበትም። "ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን" ሲባል በእንግሊዝኛው "ኮሚዩኒቲ" ነው። ይሄ መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእርስዎ ዞን ሊሙ ኮሳ ነበር። "ማህበረሰብ"ን ለኮሚዩኒቲ፣ "ህብረተሰብ"ን ለሶሳይቲ ለይቶ መያዝ ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ ጋዜጣውም ራዲዮውም ስብሰባውም ሁለቱን እያቀላቀለ ነው የሚጠቀምባቸው። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ከሆኑ ደግሞ "ሀዋሳ" የሚለው ቃል፣ ከከተማዋ ስም ጋር አይምታታብዎና፣ ሁለቱንም ትርጉም ይይዛል። ስለዚህ ከአማርኛም ሆነ ከአፋን ኦሮሞ ቃል በቃል ተርጉመው ሊተማመኑ አይችሉም። ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች ይመለሱ፤ እነማን? ወይስ እንዴት?

የ"ዘ" ጉዳይ ራሱን ችሎ መነገር አለበት። እንግሊዝኛ ውስጥ "ሶሳይቲ" ስለ ሰው ልጅ የጋራ ኑሮ በጥቅሉ ሲነገር "ዘ" አይቀድመውም። "ኢን ሶሳይቲ" ነው፤ "ኤ በርደን ኦን ሶሳይቲ" ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1987 "ሶሳይቲ የሚባል ነገር የለም" ብለው አገር ያነጋገሩበት አባባልም በእንግሊዝኛው ያለ "ዘ" ነው። "ዘ" የሚመጣው ገላጭ ሲከተለው ነው። "ዘ ሶሳይቲ ኢን ዊች ዊ ሊቭ" ማለት ይቻላል። የትኛው እንደሆነ ስለተነገረ። "ኮሚዩኒቲ" ግን በተቃራኒው "ዘ"ን ይወዳል። "ኢን ዘ ኮሚዩኒቲ" የተለመደ አነጋገር ነው። ብዙ ቁጥርም በቀላሉ ይቀበላል፤ "ኮሚዩኒቲስ"።

ብቻውን የቆመ "ዘ ሶሳይቲ" ለእንግሊዝኛ አንባቢ ምን ይመስለዋል? ማህበር። ስሙ ቀድሞ የተጠቀሰ፣ አባላትና ሊቀመንበር ያለው ማህበር። ይሄ የሶሳይቲ ሌላኛው ትርጉም ነው፤ በአገራችንም በየቀኑ አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሰረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማህበር በእንግሊዝኛ "ሶሳይቲ" ነው። የህብረት ስራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 985/2016 (የአዋጆቹ ዓመት እዚህ እ.ኤ.አ. ነው) እንግሊዝኛው "ኮኦፐሬቲቭ ሶሳይቲስ" ይላል። የጅማ ቡና አምራች አባል የሆነበት መሰረታዊ ማህበር በዚህ ስም ይገባል። በጣም የሚያስገርመው የሲቪል ድርጅቶች ህግ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2009 በእንግሊዝኛ "ቻሪቲስ ኤንድ ሶሳይቲስ" ሲል በአማርኛ "የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት" ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2019 በእንግሊዝኛ "ሲቪል ሶሳይቲ" ሲል በአማርኛ "የሲቪል ማህበረሰብ" ሆነ። ያው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በአስር ዓመት ልዩነት፣ አንዴ ማህበር አንዴ ማህበረሰብ። ሁለቱም ትርጉም በቦታው ልክ ነው። ተማሪ ግራ ቢጋባ ግን አይፈረድበትም።

ጅማ ላይ ለዚህ ሁሉ ከበቂ በላይ ምስክር አለልዎት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መሪ ቃል "ዊ አር ኢን ዘ ኮሚዩኒቲ" ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋህደው ሲቋቋም፣ የጤና ተቋሙ በ1983 ከተጀመረ ጊዜ አንስቶ የያዘውን በማህበረሰብ ላይ የተመሰረተ ትምህርት ይዞ ቀጠለ። ተማሪው "ሲቢቲፒ ወጣን" (በማህበረሰቡ ውስጥ የሚሰጠው የተግባር ስልጠና ነው) ሲል ቤት ለቤት እየዞረ ሰው እያነጋገረ፣ ውሃውንና መጸዳጃ ቤቱን እያየ ነው። እነማን እንደሆኑ ያውቃል። መሪ ቃሉ "ዊ አር ኢን ዘ ሶሳይቲ" ቢሆን ኖሮ አንድ የውጭ እንግዳ "የትኛው ማህበር?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። "ዊ አር ኢን ሶሳይቲ" ቢሆን ደግሞ ማንም ያለበት ነገር ስለሆነ ምንም አልተባለም።

እድርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ የጤና ጥናት ላይ ሁሌም ስለሚመጣ። እድር ኮሚዩኒቲ አይደለም። በእንግሊዝኛ "እድር ሶሳይቲ" ብሎ መጻፍም ደስ አይልም፣ አንባቢውን ያደናግራል። እድር በኮሚዩኒቲ ውስጥ ያለ ማህበር ነው። "እድር" ብለው በስሙ ይጥሩት፤ አንድ ጊዜ ለቀብርና ለሀዘን የሚረዳዱ ጎረቤቶች ማህበር መሆኑን ያስረዱ፤ ከዚያ በስሙ ይቀጥሉ።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለብዎት ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ትክክለኛውን ቃል "ኮሚዩኒቲ"ን መረጡ እንበል። ስራው አላለቀም። ቃሉ ደስ የሚል ስሜት አለው፤ አንድነት ያለ፣ ሁሉም የተስማማ ያስመስላል። "ዘ ኮሚዩኒቲ አክሴፕትድ ዘ ፕሮግራም" ተብሎ ሲጻፍ ማን ነው የተቀበለው? ሽማግሌዎቹ? የቀበሌው ሊቀመንበር? ሴቶቹስ ተጠይቀዋል? ኦሞ ናዳ የግልገል ጊቤ ግድብን ሃይቅ የሚነካ ወረዳ ነው። ግድቡ ሲሰራ ከቦታቸው ተነስተው ሌላ ቦታ የሰፈሩ ቤተሰቦች አሉ። ከነባሩ ነዋሪ ጋር አንድ ኮሚዩኒቲ ናቸው ወይ? እነሱ ምን ይላሉ? ነባሩስ? ይሄ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ውሃው ዳር ያለ ቤትና ራቅ ያለ ቤት ለትንኝ ያላቸው ተጋላጭነትም አንድ አይደለም።

ጎማ ወይም ማና ወረዳ ላይ ቢያጠኑ ደግሞ የቡና ለቀማ ሰሞን ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ሰራተኞች አሉ። ወራት ይቆያሉ፤ እዚያው ያድራሉ፤ በዚያው ትንኝ ይነከሳሉ። አጎበር ግን በአብዛኛው የሚታደለው በቤተሰብ ምዝገባ ነው። እነሱ መዝገቡ ላይ የሉም። "ዘ ኮሚዩኒቲ" ብለው ሲጽፉ እነሱን አስገብተዋል ወይስ አስወጥተዋል? እዚህ ላይ የቃል ምርጫ የሰው ጤና ይነካል። ያልተቆጠረ ሰው አጎበር አይደርሰውም። ስለዚህ ቃሉን መጀመሪያ በተጠቀሙበት አንቀጽ ውስጥ ማንን እንደሚያካትት በግልጽ ይጻፉ፤ የትኞቹ ቀበሌዎች፣ ስንት ጊዜ የኖረ፣ ወቅታዊ ሰራተኛ ይገባል ወይስ አይገባም። "ስተዲ ፖፑሌሽን" የሚለው የሙያ ቃልም ከኮሚዩኒቲ ጋር አንድ አይደለም። እሱ መረጃ የሚሰበሰብበት፣ በመስፈርት የተለየ ህዝብ ነው። ኮሚዩኒቲው ሰፊ ሆኖ የጥናት ህዝቡ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያላቸው እናቶች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

የእነዚህ ቃላት ዘመዶችም ወጥመድ አላቸው። "ኮሚዩናል" የሚለው ቅጽል ከመሬት ጋር ሲመጣ የጋራ መሬት ማለት ነው፤ ችግር የለውም። "ኮሚዩናል ኮንፍሊክት" ሲሉ ግን በብሄር ወይም በሃይማኖት የተለዩ ቡድኖች ግጭት እያሉ ነው። በጉድጓድ ውሃ የተጣሉ ጎረቤቶችን በዚህ ቃል ቢጠሯቸው ከባድ ነገር አወሩ ማለት ነው። "ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ" ደግሞ ለእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የሚጠራ ተልዕኮ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን ፍርድ ቤት ጥፋተኛን ያለ ክፍያ እንዲሰራ የሚፈርድበት ቅጣትም በዚሁ ስም ይጠራል። ለውጭ ዕድል ሲቪ ሲጽፉ ርዕሱን ብቻ አስቀምጠው አይለፉ። የት፣ ለማን፣ ምን እንደሰሩ ይጻፉ።

ገደቡንም ልንገርዎት። እነዚህ መስመሮች እንደ ሂሳብ ቀመር አይሰሩም። ራሳቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች "ቢዝነስ ኮሚዩኒቲ" ሲሉ፣ እርስ በርስ የሚፎካከሩና የማይተዋወቁ ነጋዴዎችን እየጠሩ ነው። አንዳንድ ቦታም ሁለቱም ቃላት ያስኬዳሉ፤ "ሜምበር ኦፍ ሶሳይቲ" እና "ሜምበር ኦፍ ዘ ኮሚዩኒቲ" ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው ዜጋነትንና ግዴታን፣ ሁለተኛው የሰፈር ቅርበትን ያስባል። እንደዚህ ባለ ቦታ አማካሪዎ አንዱን ከመረጡ ይቀበሉና ይለፉ። ጉልበትዎን የሚያባክኑበት ቦታ አይደለም።

ወደ ፕሮፖዛልዎ እንሂድ። ቁርጥ ያለ ምክሬ ይሄ ነው። ኮምፒውተርዎ ላይ ፋይሉን ይክፈቱና "ዘ ሶሳይቲ" የሚለውን ፈልገው አንድ በአንድ ያውጡ። በጅምላ ወደ "ዘ ኮሚዩኒቲ" እንዳይቀይሩት፤ ብዙ ተማሪ ይሄን አድርጎ አዲስ ስህተት ያመጣል። መረጃ የሰበሰቡበትን ወይም የሚሰበስቡበትን ሰው የሚጠራ ከሆነ "ኮሚዩኒቲ" ያድርጉት። ወረዳው ብዙ ቀበሌ ስላለው በብዙ ቁጥር "ኮሚዩኒቲስ ኢን ኦሞ ናዳ" የተሻለ ነው። ከዚያም የተሻለ "ሬዚደንትስ" ነው፤ ግልጽ፣ አጭር፣ የማያከራክር። አጎበሩ የታደለው ለማን ነው የሚል ቦታ ላይ "ቱ ዘ ሶሳይቲ" ያሉትን "ቱ ሃውስሆልድስ" ይበሉት፤ የሚታደለው ለቤተሰብ ነውና። ወባ በአገሪቱ ኑሮና ኢኮኖሚ ላይ ስላለው ጫና የሚያወራ የመግቢያ አንቀጽ ላይ ደግሞ "ሶሳይቲ" ይቆይ፤ "ዘ"ን ብቻ ያንሱለት። የሴቶችና የወንዶች የስራ ክፍፍል ማን አጎበር ስር እንደሚያድር ይወስናል የሚል ሃሳብ ካለዎት፣ እዚያ "ኢትዮጵያን ሶሳይቲ" ወይም ጠበብ አድርገው "ሩራል ሶሳይቲ" ይጻፉ። የጥናቱ ጠቀሜታ የሚል ክፍል ላይ "ፎር ዘ ሶሳይቲ" ብሎ መዝጋት የተለመደ ነው። ይተዉት። ውጤቱን ማን ይጠቀምበታል? የወረዳው ጤና ጽህፈት ቤት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች፣ የተጠኑት ቀበሌዎች ነዋሪዎች። በስም ይጥሯቸው።

ርዕሱ ላይ ሁለቱም ቃላት አያስፈልጉዎትም። "አጎበር አጠቃቀም በኦሞ ናዳ ወረዳ ቤተሰቦች ዘንድ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ያስቀምጡትና ለአማካሪዎ ይላኩት።